«የለም» የሚል ደብተር

በአቃቂ ምድር ከእኔ በፊት ዓሣ አጥማጅ አልነበረም፤ ከእኔ በኋላም አይፈጠርም። በጉርምስናዬ ከከተማው በታች ካለው ግድብ ያወጣሁት አምባዛ፣ ጭንቅላቱ በተሳቢ ተጭኖ ቃሊቲ ሲደርስ ጅራቱ ገና ግድቡ ውስጥ ይንፈራገጥ ነበር። መንገድ ላይ ያስቆመን ትራፊክ በትርፍ ጭነት ሊቀጣን ወረቀቱን አውጥቶ ነበር፤ የዓሣውን ረጅም ጢም ሲያይ ግን የሆነ ባለሥልጣን መስሎት ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፈን።

ይህን ጎማ ሊያስጠግን ለሚቆም ሹፌር ሁሉ እነግረዋለሁ። ሥራዬ ጎሚስታ ነው። ጎማው እስኪደርስ የሚጠብቅ ሹፌር ወይ ይነጫነጫል ወይ ይስቃል፣ እኔ ደግሞ የሚስቀውን እመርጣለሁ። እውነቱን ካልኩ ግን ዓሣው ከመዳፌ አይበልጥም ነበር። የያዝኩትም እኔ አይደለሁም፤ አጠገቤ የተቀመጡ ሰው ናቸው። የእኔ ሥራ ሰውየው ዞር ሲሉ ዓሣውን ኪሴ ለመክተት መሞከር ብቻ ነበር። በማጥመጃ ዘንጋቸው እጀታ ማጅራቴን አቀመሱኝና ዓሣውን ወደ ውሃው መለሱት። «ልጅ ነው። ልጅ አይበላም» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ እላቸዋለሁ።

ጋሼ ከባቡር ጋራዥ በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቤታቸው አቃቂ በሰቃ፣ ወንዙ ዳር ነው፤ ክረምት ሲከር ውሃው የበራቸውን ጉበን ይልሳል። በወጣትነታቸው ያልገደሉት ነገር የለም። ጅግራው፣ ቆቁ፣ ይብራው፣ ድኩላው፤ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ነበራቸው። ዓሣማ ማን ቆጥሮት። ግን ሕግ ነበራቸው። የያዟትን ዓሣ ሆዷን በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ይዳብሳሉ፣ እንቁላል ካላት ትመለሳለች። ሰኔ ገብቶ ወንዙ ሲሞላና ዓሣው ሊራባ ሽቅብ ሲወጣ ዘንጋቸውን ጣሪያ ሥር ይሰቅሉና እስከ መስቀል አይነኩትም። እኛ በሁዳዴ ሥጋ ትተን ዓሣ ላይ ስንዘምት፣ እሳቸው በክረምት ዓሣውን ይጾሙታል። «ይሄ የወንዙ ጾም ነው» ይላሉ። ይህ ጾም ቄስ አልነበረውም፤ የሚያስገድፍም አልነበረም።

ታዲያ ወንዙ ሞተ። እንዴት እንደሞተ አልተርክም፣ ሁላችሁም ከድልድዩ ላይ አፍንጫችሁን ይዛችሁ አልፋችኋል። ላይ ያለው ፋብሪካ ዛሬ በምን ቀለም እየሠራ እንደሆነ ለማወቅ ዘበኛውን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ወንዙን ማየት ነው። አንድ ቀን ጥቁር ውሻ ሊሻገር ገብቶ ቡላ ሆኖ ወጣ፤ ባለቤቱም አላወቀውም፣ እሱም ባለቤቱን አላወቀም። እንዲህ እያልኩ አሥቃለሁ። ጋሼ ግን አይስቁም።

እሳቸው ሌላ ሥራ ያዙ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ዘንጋቸውን ይዘው ከድልድዩ ሥር ይወርዳሉ፤ ትል ይሰኩና መንጠቆውን እዚያ ቀለም ውስጥ ይጥሉታል። አንድ ሰዓት ሙሉ ክሩ ላይ ታስሮ የሚንሳፈፈውን ቡሽ እያዩ ይቀመጣሉ። ሰዓቱ ሲሞላ ክሩን ይጠቀልሉና፣ ከኮታቸው ኪስ የተማሪ ደብተር አውጥተው ቀኑን ይጽፋሉ፤ ከቀኑ አጠገብ «የለም» ይላሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩም። ገጹ ከላይ እስከ ታች የለም፣ የለም፣ የለም ነው። እኔም ስም አወጣሁላቸው። ሰፈሩ ፊት ለፊታቸው ጋሼ ይላቸዋል፤ ዞር ሲሉ ግን «የለም መጡ» ይላል። የስሙ ደራሲ ማን እንደሆነ ያውቃሉ። አንድም ቀን አልተቆጡኝም፣ ይኼም ያናድደኝ ነበር።

አንድ ቀን ሱቁን ከእኔ ጋራዥ ጎን ያደረገው ስልጤ ጎረቤቴ ባለበት ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ነፍስ ያጠፉ ሰው ዛሬ ለዓሣ ጠበቃ ሲሆኑ አያፍሩም?»

«አላፍርም።»

«ድኩላዎቹ ቢሰሙ ምን ይላሉ?»

ጋሼ ዘንጋቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። «የገደልኩትን ሁሉ አይቼዋለሁ» አሉ። «ዓይኑን አይቼዋለሁ፣ ሆዱን ከፍቼ ምን እንደበላ አውቄያለሁ፣ ደሙን ከእጄ አጥቤያለሁ። እነዚያ ላይ ያሉት ወንዝ ሙሉ ገደሉ፤ የገደሉትን ግን አንዱንም አላዩትም። አንተ ራስህ ከገበያ ገዝተህ ትበላለህ እንጂ መቼ አይተኸው ታውቃለህ? ያላየኸው ነገር ሲያልቅ በምን ታውቃለህ?»

ባለሱቁ «ወላሂ እውነት ነው» አለ። እኔ «እኔማ ያየሁት ሲጠበስ ነው» አልኩና አሳቅሁት።

ለካስ ደብተሩ ሥራ ይሠራ ኖሯል። ጋሼ ደብተሩን ይዘው ወረዳ ይመላለሱ ነበር። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ አካባቢ ጥበቃ የምትሠራ ወጣት ተቀበለቻቸው፤ ቅጽ ሰጥታም አስሞላቻቸው። ቅጹ ላይ «በወንዙ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር ይታያል?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ሥሩ ሁለት ሳጥን፣ «አለ» እና «የለም»። ጋሼ «የለም» ላይ ምልክት አድርገው ፈረሙ፣ ደብተሩም ኮፒ ተደርጎ ተያያዘ። የእኛ ሰፈር ወንዝ ከክረምቱ በፊት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ያ ማለት ፋብሪካው ፍሳሹን ወንዙ ውስጥ የሚለቅበት ቱቦ ይዘጋል ማለት ነው። ጋሼ በሕይወታቸው ሌላ የሚጠብቁት ነገር አልነበረም፤ ሚስታቸው ሞተዋል፣ ጉልበታቸው ግድቡ ድረስ አያወርዳቸውም። ያቺን ቱቦ ተዘግታ ማየት ብቻ ነበር የቀራቸው።

እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አላወቅሁም ነበር ብዬ አልሾልክም።

ሁዳዴ ነበር። ከግድቡ ዓሣ በጆንያ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፤ ሥራዬ ፊት ለፊት ያወርዳል። ቅርፊት ያለው ዓሣ፣ ቆሮሶው፣ ወዲያው ያልቃል። አምባዛ ግን ይተርፋል፤ ቅርፊት የለውም ብለው እናቶች አይነኩትም፤ አንዷ እንዲያውም አይታው አማትባለች። ያን ዓርብ ጆንያው ውስጥ የቀረው አንድ አምባዛ ብቻ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ከውሃ ወጥቶ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ውሏል፤ ግን አልሞተም። አምባዛ ቶሎ አይሞትም፣ አየር ይስባል። ሰውየው ሊጥለው ሲል «ስጠኝ» አልኩት።

ጎሚስታ የሆነ ሁሉ የተቆረጠ በርሜል አለው። የተበሳ ካላማዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ነፍተን ውሃው ውስጥ እንነክራለን፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ቀዳዳው እሱ ነው። አምባዛውን እዚያ ጣልኩት። ትንሽ ቆይቶ ብቅ ብሎ ተነፈሰ፣ አረፋም ሠራ። ባለሱቁ መጣና አጎነበሰ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ካላማዳሪ ነው። በራሱ ይነፋል።»

«ልታርደው ነው?»

«ነገ ጋሼ ያጠምዱታል።»

ገባው። ፊቱ ላይ ሳቁ መጣና ሄደ። «ተው» አለ። «በሽማግሌ ተስፋ አይቀለድም።»

«አንድ ጊዜ ብቻ። ወዲያው እነግራቸዋለሁ።»

«እኔ አላየሁም። ምንም አላየሁም» አለ። በማግስቱ ግን ሱቁን ዘግቶ ድልድዩ ላይ ሊያይ ቆሞ ነበር።

ጋሼ ስኳር አለባቸው። በያዙት አንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተነሥተው ከድልድዩ ምሰሶ ጀርባ ይሄዳሉ። እኔ ጨዋታ ላጫውታቸው የመጣሁ መስዬ አምባዛውን የደበቅሁበትን ፔስታል ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ተነሥተው ሲሄዱ ክሩን ስቤ አወጣሁ፣ ትሉን አራገፍኩ፤ አምባዛውን በጨርቅ ይዤ መንጠቆውን በከንፈሩ አሳለፍኩት። አምባዛ ድምፅ እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቅሁት። እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ ሲጥ አለ። እጄ ስለተንሸራተተ መንጠቆው ሁለት ጊዜ ወጋው። ከዚያ ወረወርኩት። ውሃው ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ሆዱ ወደ ላይ ሆነ፤ ያ ቀለም ወንዝ ምን እንደሆነ ገና በቆዳው እየቀመሰው ነበር። ቀጥሎ ተገለበጠና ወደ ታች ሸሸ፤ ቡሹም አብሮት ሰመጠ።

ጋሼ ሱሪያቸውን እየቆለፉ ተመለሱ። ቡሹን አጡት።

ሳቄን አፌ ውስጥ አዘጋጅቼ ነበር። ሲደነግጡ፣ ሲጮሁ፣ ተንሸራትተው ሲወድቁ፤ ለሹፌሮቹ እንዴት እንደምተርከው ሁሉ ጨርሻለሁ። ጋሼ ግን አልጮሁም። ዘንጉን አነሡና ክሩ እንዳይበጠስ ቀስ እያሉ፣ እያላሉ፣ መልሰው እየሳቡ አመጡት። ዳሩ ላይ ሲደርስ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ዓሣ በደረቅ እጅ አይያዝም፣ ቆዳው ይጎዳል ይሉ ነበር፤ እጃቸውን መጀመሪያ እዚያ መርዝ ውስጥ ነክረው አረጠቡ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አለህ እንዴ?» አሉት።

ቆይቶ የተገናኘ ሰው ጓደኛውን እንደሚለው ነው ያሉት። «አለህ እንዴ አንተ? እኛ እኮ ሞተሃል ብለን አልቅሰን ጨርሰናል።»

ቀና ብዬ ድልድዩን አየሁ። ባለሱቁ ሄዷል።

መንጠቆውን ሲያወጡ ከንፈሩ ሁለት ቦታ መወጋቱን አዩ። «ታግሏል» አሉኝ። «አየህ፣ አንድ ጊዜ አምልጦ እንደገና በልቷል። ረሃብ ነው።» አምባዛውን ውሃው ውስጥ አስገብተው ጭንቅላቱን ወደ ላይኛው አቅጣጫ አዙረው ያዙት፤ ራሱ ጅራቱን ሲመታ ለቀቁት። ከመልቀቃቸው በፊት ቤት እንዲወስዱት ላግባባ ሞክሬ ነበር።

«ጋሼ፣ ይብሉት እንጂ። ጾም ነው።»

«አብደሃል? አንድ ነው እኮ።»

ደብተሩን አወጡ። ቀኑን ሁለት ጊዜ ሰርዘው በሦስተኛው ጻፉት። አጠገቡ «አለ» አሉ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሰኞ እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ ቀልድ እንደ ጠጅ ነው፣ ሲያድር ይበስላል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በወንዙ በኩል አለፍኩ። አምባዛው ከድልድዩ በታች ከውሃ ኮዳዎች ጋር ተንሳፍፎ ተኝቷል፤ ሆዱ ነጭ፣ ዓይኑ የተላጠ እንቁላል። ግማሽ ቀን በጆንያ ተጠቅልሎ ያልሞተ ፍጥረት እኛ ወንዝ ውስጥ ሁለት ቀን አልደፈነም። በእንጨት ገፋሁትና ቆሻሻው ሥር ቀበርኩት፤ ጋሼ እንዳያዩት። የወንዙ ቀለም ነጩ ልብሴ ላይ ተፈናጠረ፣ ቤት ስደርስ ሚስቴ «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ይሄ የነካህ?» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት በር ከፍቼ ሳልጨርስ ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ቀብተው መጡ።

«ተነሥ፣ ወረዳ እንሂድ። ውሸት ጽፌያለሁ።»

«የምን ውሸት?»

«የለም ብዬ ፈርሜያለሁ። አለ።»

«ጋሼ፣ ይተዉት በቃ። አንድ ዓሣ ነው፣ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። ይልቅ ሲሰሙ ይጣደፋሉ፤ አንድ ቀርቷል ስላቸው ቱቦውን ነገ ነው የሚዘጉት። አንተ ምስክሬ ነህ፣ አብረኸኝ ነበርክ።»

ታክሲ ውስጥ ስለ አምባዛው ሲያወሩ ሄዱ። ብቻውን እንዴት እንደኖረ፣ ጓደኛ ይኖረው ይሆን፣ ሴት ትሆን ይሆን። አጠገባቸው የተቀመጠች፣ ለታሳሪ ምሳ በሳህን የያዘች ሴት ስለ ሰው የሚያወሩ መስሏት «አይዞዎት አባቴ፣ ይፈታል» አለቻቸው። በሌላ ቀን ቢሆን በዚህ አንድ ወር አስቅበት ነበር።

የወረዳውን ኮሪደር ወረፋ ሞልቶታል። ልጅቷ ፋይሉን አውጥታ ሰማቻቸው። ክፉ ሰው አይደለችም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነው የሰማቻቸው።

«አባባ፣ ዓሣ አለ ነው የሚሉኝ?»

«አለ ልጄ። አንድ አምባዛ። በእነዚህ እጆቼ ይዤዋለሁ።»

«እንግዲያው ወንዙ እያገገመ ነው ማለት ነው።»

«አይደለም፣ አንድ ቀርቷል ማለት ነው። የሞተ ሰው ሐኪም ቤት አይወሰድም፤ የሚወሰደው ትንፋሽ ያለው ነው። አሁን ነው መሮጥ።»

«ገብቶኛል አባባ። ግን ቅጹ ላይ አንድ ቀርቷል የሚል ሳጥን የለም። አለ ወይም የለም ነው። የመጀመሪያው ዝርዝር የለም ለተባለበት ወንዝ ነው፣ አለ የተባለበት ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባይነግሩኝ ይሻል ነበር።»

«እንዴት አልነግርሽም? ፈርሜያለሁ እኮ።»

ቅጹን ገልበጥ አድርጋ አየች፤ መውጫ ቀዳዳ የምትፈልግላቸው ይመስለኛል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ምስክር አለ ብለዋል። እርስዎ በዓይንዎ አይተዋል? ከወንዙ ሲወጣ? እርግጠኛ ካልሆኑ ይንገሩኝ፣ እንዳለ እተወዋለሁ።»

በር ተከፍቶልኝ ነበር። ከዚያ በላይ ማን ይከፍትልኛል? «እርግጠኛ አይደለሁም» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር፤ ውሸቴን እንኳ ማውጣት አያስፈልገኝም። ጋሼ ፊቴን እያዩ ናቸው። «አይቻለሁ» አልኩ። ወረቀቱን ገፋ አደረገችልኝ፣ ፈረምኩ። «የለም» የሚለው ተሰርዞ «አለ» ሆነ፤ ፋይሉም ከአንዱ ክምር ተነሥቶ ሌላው ክምር ሥር ገባ።

ቱቦው እስከ ዛሬ ይፈስሳል። ጋሼ ዘንጋቸውን ሰቅለውታል፣ ሰኔን አልጠበቁም። ዓሣው ብቻውን ስለሆነ መንጠቆ አይጣልበትም ይላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ ፈርፍረው ይወርዳሉ፤ ፍርፋሪው ቀለሙን ጠጥቶ ሲሰምጥ፣ በልቶታል ብለው ያስባሉ። ከእኔ አሮጌ ጎማዎች ወስደው ቆሻሻ እንዳይገባበት ውሃው ዳር ደረደሩ፤ በነፃ ሰጠኋቸው፣ ለሰፈሩም አስወራሁ። ደብተሩ ላይ አሁን «አለ» አይጽፉም፣ «የለም»ም አይጽፉም። «አላየሁም» ነው የሚሉት። ባለሱቁ ስኳርና ሻይ እየመዘነ በመሃል ቀና ይልና ያየኛል። አንድ ቀን ብቻ ጠየቀኝ።

«የወረወርከውስ ይሁን። ለምን ፈረምክ?»

«ጋሼን እንዳላሳፍራቸው ብዬ ነው» አልኩት። ለሚስቴም ይህንኑ ነው ያልኳት፣ እሷም ደግ ሰው ነህ አለችኝ።

እንደዚያ አይደለም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረኝ። ያቺ ልጅ እስክሪብቶ ይዛ «ምስክር» ብላ ስትጠብቀኝ ኮሪደሩ ሁሉ ጸጥ ብሎ ነበር፤ እኔ የምለውን ሊጽፉ ነው። አንድም ሰው አልሳቀም። ስለ ጋሼም፣ ስለ ቱቦውም፣ ቆሻሻ ሥር ስለቀበርኩት ዓሣም አላሰብኩም። መታመን ደስ ስላለኝ ነው የፈረምኩት።